ልጁ ካለበት መጀመር፦ ለክረምት አስጠኚዎች የተደረገ ንግግር

(በክረምት በጎ ፈቃድ ማጠናከሪያ ትምህርት ለሚሰጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች በቃል ያቀረብኩት ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ።

ሰሌዳው ላይ አንድ ሒሳብ ልጻፍ። 503 ሲቀነስ 267። መልሱ 236 ነው። አሁን ከጎኑ ሌላ መልስ እጽፋለሁ፤ 364። ይህን መልስ የሰጠችኝ አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ናት። እስቲ ትንሽ እዩትና ከየት እንዳመጣችው ንገሩኝ።

«ገምታ ነው» አላችሁ። አልገመተችም። ከቀኝ ጀምሩ። 3 እና 7 ናቸው፤ ከ7 ላይ 3 ስትቀንስ 4። ቀጥሎ 0 እና 6፤ ከ6 ላይ ምንም ሲቀነስ 6። መጨረሻ ላይ ከ5 ላይ 2 ሲነሳ 3። በየረድፉ ከትልቁ ላይ ትንሹን እየቀነሰች ነው የመጣችው። «እንዴት አሰብሽው?» ስላት፣ «ከትልቁ ላይ አይደል እንዴ ትንሹ የሚቀነሰው? ቲቸር እንደዛ ብለውናል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ 1ኛ ክፍል ላይ ተብላለች። ያን ጊዜ ትምህርቱ 8 ሲቀነስ 5 ስለነበር ሕጉ ልክ ነበር። ልጅቷ ያንን ሕግ ይዛ በታማኝነት ስድስት ዓመት ተጓዘች። ስድስት ዓመት ሙሉ ደብተሯ ላይ ኤክስ ሲደረግባት ኖረ። «እንዴት አሰብሽው?» ያላት ሰው ግን አልነበረም።

መምህራኖቿን እየወቀስኩ አይደለም። እኔም ስልሳና ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል ለብዙ ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። አርባ ደቂቃ ለሰባ ተማሪ ስታካፍሉት ለአንድ ልጅ ግማሽ ደቂቃ ይደርሳል። በግማሽ ደቂቃ ኤክስ ማድረግ ይቻላል እንጂ ኤክሱ ከየት እንደመጣ መጠየቅ አይቻልም።

የዚያች ልጅ እናት ጉሊት ትነግዳለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን የምትሸጠው ልጅቷ ነች። መቶ ብር ሰጥታችኋት የስልሳ አምስት ብር ዕቃ ብትገዙ መልሳችሁን ሳታስብ ትቆጥርላችኋለች። ስለዚህ ደብተሩን ዘጋሁትና «አምስት ባለ መቶ ብርና ሦስት የአንድ ብር ሳንቲም አለሽ እንበል። 267 ብር ክፈዪኝ» አልኳት። ሳንቲሞቹን በሐሳቧ ቆጠረች። «ሰባት ብር አይሞላልኝም» አለች። ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ? «አዘረዝራለኋ!» አንዱን መቶ ብር በአሥር ባለ አሥር ዘረዘረችው። ከባለ አሥሮቹ አንዱን ደግሞ በአሥር የአንድ ብር ሳንቲም። አሁን እጇ ላይ አራት መቶ፣ ዘጠኝ አሥርና አሥራ ሦስት አንድ ብር አለ። ከዚያ ወዲያ እኔ አላስፈለግኳትም፤ እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዳ 236 ብላ ጻፈች። ክፍል ውስጥ «መበደር» የምንለው ነገር እሷ በየቀኑ የምታደርገው መዘርዘር ነበር። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን የነገራት አልነበረም።

ይህ የእኛ አገር ልጆች ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሕንድ፣ ኮልካታና ዴልሂ ገበያ ውስጥ በሚሠሩ ልጆች ላይ የተካሄደ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2025 ታትሟል። ልጆቹ የሸቀጡን ሒሳብ በቃላቸው ሲያሰሉ እምብዛም አይስቱም፤ ያው ሒሳብ በትምህርት ቤት መልክ ተጽፎ ሲቀርብላቸው ግን ብዙዎቹ ይጠፋባቸዋል።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። ማስጠናት ማለት ልጁ ያለበት ቦታ ድረስ ሄዶ ከዚያ አብሮ መነሳት ነው። ክፍሉ 7ኛ ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ግን ያለው 2ኛ ክፍል ላይ ሊሆን ይችላል። መጽሐፉን ከፍታችሁ ከምዕራፍ አንድ ከጀመራችሁ፣ ክረምቱን ሙሉ ብትለፉም ያው ትምህርት ቤቱ ያደረገውን ነው የምትደግሙት።

የአገራችንን ቁጥር ታውቁታላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም የዚያ ቁጥር አካል ናችሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። ቁጥሩ ከፍ እያለ መምጣቱ ደስ ይላል። ግን ከመቶ ከዘጠና የሚበልጡት ልጆች የት ቀሩ ብለን ስንጠይቅ፣ መልሱን 12ኛ ክፍል ላይ አናገኘውም። እ.ኤ.አ. በ2010 በበርካታ ክልሎች የታችኛ ክፍል ተማሪዎች የማንበብ ችሎታ ሲለካ፣ ከ2ኛ ክፍል ልጆች ከሦስቱ አንዱ ገደማ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻለም ነበር። እስቲ አስሉት፤ በዚያ ዓመት 2ኛ ክፍል የነበረ ልጅ ሳይደግም ቢያልፍ 12ኛ ክፍል የደረሰው በ2012 ዓ.ም. ነው፣ ከእነዚህ የፈተና ዓመታት ጥቂት ቀደም ብሎ።

እኛስ ምን እናደርጋለን? ፈተና ሲደርስ፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ፣ ቅዳሜና እሁድ «ቲቶሪያል» እንከፍታለን። ስልሳ ተማሪ አንድ ክፍል ይገባል፤ መምህሩ የአምናውን ፈተና ሰሌዳ ላይ እየሠራ ያሳያል፤ ልጆቹ ይገለብጣሉ። መምህሩ ቅዳሜውን መስጠቱ የሚመሰገን ነው። ግን ይህ ማስጠናት አይደለም፤ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ነው። ሰኞ ያልገባው ልጅ ያው ነገር በያው መንገድ ቅዳሜ ቢደገምለት የሚገባው በምን ምክንያት ነው? የሚጠቀመው ቀድሞም ግማሽ መንገድ የደረሰው ተማሪ ነው።

አያቶቻችን ይህን ነገር ያውቁት ነበር፤ የቆሎ ትምህርት ቤትን አስቡ። ልጁ በመጀመሪያ ፊደል ይቆጥራል፤ ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ እያለ እንደ ዘፈን ይወጣዋል። ግን የኔታ በዚህ አይታለሉም። ዜማውን ሸምድዶ ሊሆን ይችላላ! ስለዚህ ፊደሉን አዘበራርቀው አቡጊዳ ያስቆጥሩታል፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። እዚያ ላይ ዜማው አይረዳውም፤ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ ካላወቀው ይያዛል። አቡጊዳ የዛሬ ባለሙያዎች የምዘና መሣሪያ የሚሉት ዓይነት ነገር ነው። ከዚያ ደግሞ ፊደሉን ያልለየ ልጅ ዓመት ስለሞላው ብቻ ወደ ንባብ አይሻገርም፤ የለየው ደግሞ ጓደኞቹን አይጠብቅም። ቀደም ያለው ልጅ ከኋላ የመጣውን በስንደዶ እየጠቆመ ያስቆጥረዋል። የዚያ ትምህርት ቤት ዱላም ረሃብም ነበረው፤ ሁሉም ነገሩ ይመለስ አልልም። ልጁን ካለበት ማንሳቱን ግን ዘመናዊ ትምህርት ቤት ስንከፍት በር ላይ ጥለነው ገባን። እናንተም ነገ አንድ የ4ኛ ክፍል ልጅ ፊት ስትቀመጡ «ፊደል ታውቃለህ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ አዎ ነው የሚላችሁ። «ቹ»ን፣ «ጌ»ን፣ «ዥ»ን፣ «ፎ»ን ከየቦታው እየጠቆማችሁ አስነብቡት።

አሁን ደግሞ ወደ ሕንድ ልውሰዳችሁ። ፕራታም የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 ሙምባይ ውስጥ ተቋቋመ። በሙምባይና በቫዶዳራ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች፣ 3ኛና 4ኛ ክፍል ደርሰው ወደ ኋላ የቀሩ ልጆችን ከክፍል እየወሰደ በቀን ለሁለት ሰዓት ያህል ለአንዲት ወጣት ይሰጣት ነበር። ወጣቷ የዚያው ሰፈር ልጅ ናት፤ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሳለች፤ የመምህርነት ዲፕሎማ የላትም፤ ሥልጠናዋ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። «ባልሳኪ» ይሏታል፣ የልጅ ወዳጅ ማለት ነው። የምትይዘው አሥራ አምስት ወይም ሃያ ልጅ ነው፤ የምታስተምረውም የ4ኛ ክፍሉን መጽሐፍ ሳይሆን ያመለጣቸውን ፊደልና ቁጥር። አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2007 አሳተሙ፤ የልጆቹ ውጤት ጨምሮ ነበር፣ ይበልጥ የጨመረውም የደካሞቹ ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት መካከል ናቸው።

ከዚያው አገር ሌላ ታሪክ ልጨምር፤ ለእኔ ከሁሉም የበለጠ ያስተማረኝ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቢሃር ክፍለ ግዛት የመንግሥት መምህራን በዕረፍት ወር ለደካማ ልጆች በዚህ ዘዴ አስተማሩ። የልጆቹ ንባብ ተሻሻለ። በዚያው ክፍለ ግዛት መደበኛው ትምህርት እየተካሄደ መምህራን ዘዴውን ሠልጥነው የዘዴው መጽሐፍም ሲሰጣቸው ግን ብዙም የታየ ለውጥ አልነበረም። መምህሩ ሰንፎ አይደለም። በመደበኛው ጊዜ የክፍሉን መጽሐፍ መጨረስ አለበት፤ ተቆጣጣሪው የሚጠይቀው «ምዕራፍ ስንት ደረስክ?» ነው እንጂ «ስንት ልጅ ማንበብ ቻለ?» አይደለም። በዕረፍት ወር ይህን የሚጠይቀው አልነበረም። እናንተም ክረምት ላይ ያላችሁ ትልቁ ሀብት ይኸው ነው፤ ማንም ምዕራፍ አይጠይቃችሁም። እባካችሁ በገዛ እጃችሁ የ8ኛ ክፍል መጽሐፍ ይዛችሁ ገብታችሁ ይህን ነፃነት አታባክኑት።

ከአሜሪካ ደግሞ ቺካጎን ላንሳ። ሳጋ በተባለው ፕሮግራም አንድ አስጠኚ በአንድ ጊዜ ሁለት ተማሪ ብቻ ይዞ፣ በትምህርት ቀን፣ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ሒሳብ ያስጠናል። አስጠኚዎቹ ገና ከኮሌጅ የወጡና አንድ ዓመት ለማገልገል የተስማሙ፣ እንደ እናንተ ያሉ ወጣቶች ናቸው። ውጤቱ ጥሩ ነበር፤ 9ኛ ክፍል ላይ ሒሳብ ያመለጠው ልጅ አብቅቶለታል ሲሉ የነበሩትንም ዝም አሰኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ተመራማሪዎች 96 የማስጠናት ሙከራዎችን ሰብስበው መረመሩ። በጥቅሉ ሲታይ ከመቶ ተማሪዎች 50ኛ ደረጃ ላይ የነበረ ልጅ በመጠናቱ ከ60 በላይ ይወጣል። በትምህርት ላይ ከሚሞከሩ ነገሮች ብዙዎቹ ይህን ያህል አያመጡም።

እዚህ ላይ ግን አንድ የማይጥማችሁን ነገር ልናገር፤ በጎ ፈቃደኛ ስለሆናችሁ መደበቅ አልፈልግም። በእነዚያ ጥናቶች ውስጥ የመምህራንና የሠልጣኝ አስጠኚዎች ውጤት ከበጎ ፈቃደኞች ይበልጥ ነበር። ምክንያቱን ካየሁት ልንገራችሁ። በጎ ፈቃደኛ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ይጠፋል። ሰኞ አንዱ ይመጣል፣ ረቡዕ ሌላው ይመጣል፤ ልጁም ለእያንዳንዱ አዲስ ሰው ከሀ ይጀምራል። አንድ ክረምት አብሬያቸው በሠራኋቸው አስጠኚዎች ላይ ያየሁት፣ ዕውቀት አንሷቸው የወደቁ እንደሌሉ ነው፤ የወደቁት በመቅረት ነው። ልጁ ዝናብ መትቶት፣ ጭቃ ረግጦ መጥቶ በሩ ተዘግቶ ሲያገኘው ምን እንደሚሰማው ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን የማትችሉ ከሆነ አትጀምሩ። ከቻላችሁ ደግሞ ያው አስጠኚ ያንኑ ልጅ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ይያዝ፤ ሦስት ወይም አራት ልጅ፣ ከዚያ አይብለጥ። «መቶ ተማሪ አስጠናን» የሚል ሪፖርት ያምራል፤ እኔ ግን አሥር ልጅ ማንበብ ቻለ የሚለውን እመርጣለሁ።

ሌላው ነገር የሚመጣው ማን ነው የሚለው ነው። በሕንድ፣ በኡታር ፕራዴሽ ክፍለ ግዛት፣ ጃውንፑር በተባለ ቦታ፣ የመንደር ወጣቶች በነፃ የንባብ ክፍል ከፍተው ነበር። የመጡት ልጆች በጣም ተጠቀሙ። ግን ከመንደሮቹ ልጆች የመጣው 8 በመቶው ብቻ ነበር። እኛም ጋ ማስታወቂያ ቀበሌው በር ላይ ትለጥፉና የሚመጣላችሁ ደብተሩን በላስቲክ የሸፈነ፣ አባቱ ያመጣው፣ ከክፍሉ ሦስተኛ የወጣ ልጅ ነው። እሱም ይምጣ፤ አትመልሱት። ግን አራተኛ ክፍል ደርሶ ማንበብ የማይችል ልጅ በገዛ እግሩ አይመጣም፤ ያፍራል። በዚያ ላይ በክረምት ሊስትሮ ይሠራል፣ ከብት ይጠብቃል፣ ወንድሙን ያዝላል። የክፍል ኃላፊ መምህራንን «የትኞቹ ልጆች ናቸው ማንበብ የተቸገሩት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ስማቸውን ያውቁታል። ከዚያ ቤታቸው ድረስ ሂዱ፤ እናትየውን አናግሩ፤ ልጁ በስንት ሰዓት ከሥራ ነፃ እንደሚሆን ጠይቁና ሰዓቱን ለእሱ አስተካክሉለት።

ብዙዎቻችሁ ልትጠይቁኝ የፈለጋችሁትን ከአሁኑ ልመልስ፤ አንድ ለአምስት ይህ አልነበረም ወይ? ሐሳቡስ ይህ ነበር። ጎበዙ ተማሪ ጓደኞቹን ያስጠናል መባሉ ጥሩ ነገር ነበር፤ ጓደኛ ለጓደኛ ማስጠናት እንደሚሠራ ብዙ ጥናት አለ። ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት ውስጥ ግን የቡድኑ መሪ ሥራ ማስጠናት መሆኑ ቀርቶ ቅጽ መሙላት ሆነ። ማን እንደቀረ፣ ማን እንደረበሸ ይመዘገባል። ልጆቹ መሪውን ፈሩት፤ የማትፈራውን ሰው ነው «አልገባኝም» የምትለው። እንዴት ማስጠናት እንዳለበት ደግሞ ለዚያ ለ14 ዓመት ልጅ የነገረው አልነበረም፤ መልሱን ያስገለብጣቸዋል፣ በዚህም ጨረሱ። ስለዚህ ጎበዝ ተማሪ ረዳት ስታደርጉ ሁለት ነገር አስተምሩት፦ መልሱን ከመንገር በፊት እንዲጠይቅ፣ እስክሪብቶው ደግሞ ሁልጊዜ በሚያጠናው ልጅ እጅ እንዲሆን።

ይቺ የእስክሪብቶ ነገር ቀላል መስላችሁ አትለፏት። አንድ አስጠኚ ሲሠራ ለማወቅ እኔ የማየው እጁን ነው። አስጠኚው እየጻፈ ልጁ እያየ ከሆነ እየተማረ ያለው አስጠኚው ነው።

ንግግሬን እዚህ ላይ አቁሜ ጥያቄ ተቀበልኩ። ሁለቱን ብቻ እዚህ አሰፍራለሁ።

አንዲት እናት ተነስተው «እኔ አልተማርኩም። ልጄ ልክ ትሥራ አትሥራ በምን ዓይኔ አውቃለሁ?» አሉ። እንዲህ አልኳቸው፦ እናቴ፣ ልክ መሆኑን ማወቅ የለብዎትም። ማታ ቡና ሲያፈሉ አጠገብዎ ያስቀምጧትና ጮክ ብላ ታንብብልዎት። የምትደናቀፍ ከሆነ ይሰሙታል፤ አማርኛውን እርስዎ ከሷ በላይ ያውቁታል። «ገና» የምትለውን ቃል በዓሉንና «ገና ነው»ን አምታታ ብታነብ ጆሮዎ ይነግርዎታል፤ ጽሑፉ የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይላትም፣ እርስዎ ግን ይለዩታል። ሒሳብ ስትሠራ ደግሞ «እንዴት አደረግሽው? አስረጂኝ» ይበሏት። ለእርስዎ ለማስረዳት ስትሞክር የራሷን ስህተት ራሷ ታገኘዋለች። አልገባኝም ሲሏት ደግማ ታስረዳዎታለች፤ መምህር ያንን ጊዜ የለውም፣ እርስዎ አለዎት።

ሁለተኛው ጠያቂ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። «መስከረም ላይ ወደ ግቢ እንመለሳለን። ልጁን ከዚያ በኋላ ማን ይይዘዋል?» አለ። የቦትስዋናን ነገር ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ2020 ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ሲዘጉ፣ ለወላጆች በየሳምንቱ የሒሳብ ጥያቄ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይላክላቸው፣ ከዚያ አስጠኚ ሃያ ደቂቃ ያህል ደውሎ ከልጁ ጋር ይሠራው ነበር። መልእክቱ ብቻውን ብዙም አልጠቀመም፤ ስልኩ ሲጨመርበት ግን የልጆቹ ሒሳብ ተሻሻለ። ኢንተርኔት አልነበረበትም፤ ተራ ስልክ ነው። በኋላም ሕንድን፣ ኬንያንና ኡጋንዳን ጨምሮ በአምስት አገሮች ተሞክሮ ሠርቷል። ስለዚህ የወላጁን ስልክ ቁጥር በመጀመሪያው ቀን መዝግብ፣ አልኩት፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ያንኑ ልጅ።

ቅድም የጠየቁት እናት እጃቸውን ሳያወጡ ከተቀመጡበት «እሁድ ማታ ይሁን፤ ሌላ ቀን ስልኩ ከእኔ ጋር ሥራ ላይ ነው» አሉት። ልጁም ማስታወሻውን አወጣ።